የኑርዬ አማና

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዓሣ የሚሸጠው ኑርዬ ምላሱ አያርፍም። ለደንበኛ ቀልድ፣ ለተጣላ ምክር፣ ለሐዘንተኛ ማጽናኛ አጥቶ አያውቅም። በሕይወቱ የሚገባውን ቃል ያጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ በአንዲት ልጅ ፊት።

ማዕረግ ቤቱ የገባችው በ2014 ኅዳር፣ ጦርነቱ አገሩን ባመሰቃቀለበት ሰሞን ነበር። አባቷ ቀድሞ ሞቷል፤ እናቷም ከአምባሰል ሲሸሹ መንገድ ላይ ሞተችባት። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ሰርካለም የአምስት ዓመቷን ልጅ «ዘመድ እስኪገኝ ብቻ» ብላ ለኑርዬና ለሚስቱ ለአሪፋ ሰጠቻቸው። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ማዕረግ ክርስቲያን ስለሆነች አሪፋ ለፋሲካ ሥጋዋን ከክርስቲያን ጎረቤት አምጥታ በተለየ ድስት ትሠራላታለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ኑርዬ ራሱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደርሳታል። ሰው ሲስቅበት «ምን ላድርግ፣ የጫማዋ ዘበኛ ነኝ» ይላል። ልጅቱም ዓመት ሳይሞላ «አባዬ» አለችው።

ሁለት ዓመት ተኩል እንዳለፈ የአባቷ ወንድም አያሌው ከግሸን ሥር ካለ መንደር ተገኘ። ሁሉም ሰርካለም ቢሮ ተጠሩ። ሰርካለም ወረቀቷን ዘርግታ ወደ ኑርዬ ዞረች።

«በቋሚነት ልታሳድጓት ከፈለጋችሁም መንገድ አለው። ምን ትላላችሁ?»

አሪፋ በክርኗ ጎሰመችው። የኑርዬ ልብ «ተዉልን!» እያለ ይጮኻል። ግን ሰው ምን ይላል? የክርስቲያን ልጅ ሊያሰልም ቀማ ቢሉትስ? ወሎ ውስጥ ማን እንዲህ እንደሚል ቢጠየቅ አንድ ሰው እንኳ አይጠራም፤ ይሉኝታ የሚሉት ክፉ በሽታ ግን አሸነፈው።

«ወላሂ፣ እኛ ዘንድ አማና ናት፣ አደራ» አለ። «አማና ደግሞ ለባለቤቱ ነው። የሥጋ ዘመድ እያለ እኛ ምን ቤት ነን?»

አያሌው አቀረቀረ። «እንግዲህ የወንድሜ ደም ናት» አለ።

ማዕረግ በሩ አጠገብ ቆማ ኑርዬን ትኩር ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን ሰበረ። ልጅቱ ከአጎቷ ጋር ሄደች።

ዓመት ሞላ። አሪፋ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልወቀሰችውም፤ የበለጠ ያንገበገበው ይኸው ነው። ቢቸግረው ውጫሌ ገበያ ድረስ ሄዶ አያሌውን ፈለገውና ስለ ልጅቱ ጠየቀው።

«ኧረ ተወኝ ኑርዬ» አለ አያሌው። «ስድስት ልጅ አለኝ፣ በሬዎቼም በጦርነቱ አልቀዋል። ያን ቀን የመጣሁት ‹ተውልን› ትሉኛላችሁ ብዬ ነበር። አንተ ‹ለባለቤቱ› ስትል ጊዜ፣ የወንድሙን ልጅ ጣለ እንዳልባል ወሰድኳት።»

ኑርዬ ራሱን ያዘ። ሁለት ጨዋ ሰዎች ሲከባበሩ ልጅቱን መሀል ላይ ጥለዋታል።

«አሁንስ? አሁን ስጠኝ፤ ዛሬውኑ ሰርካለም ጋ እንሂድ!»

«በኔ በኩል ደስታዬ ነው። እሷን ጠይቃት።»

ማዕረግ እህል ተራው ዳር ጆንያ ትጠብቃለች። ቁመቷ ጨምሯል፣ ከስታለች። ኑርዬን እንባው ቀደመው።

«ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ነይ።»

ልጅቱ አላለቀሰችም።

«ሰርካለም ስትጠይቅህ እዚያው ነበርኩ» አለችው። «ያኔ ለምን እንዲህ አላልክም?»

ኑርዬ አፉን ከፈተ። «ፈርቼ ነው» ማለት እንኳ አልቻለም።