የሶልቬይ እርጥብ ፀጉር

እሁድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቶርስቬት ቤተሰብ፣ ሦስቱም አባላት በተገኙበት፣ እራት በላ። የቀረበው ድንችና የተፈጨ ሥጋ አብሮ የተጋገረበት የሁልጊዜው ትሪ ነበር። እራቱ ያለ ምንም ችግር ተጠናቀቀ፤ ትሪው ላይ አንዲት ቁራሽ ቀረች።

በሚኒሶታ የመጨረሻዋን ቁራሽ ጠቅልሎ ማንሳት ነውር ነው። አባትየው ዳረል ግማሿን ቆርጦ ወሰደ። እናትየው ካሪን ከቀረው ላይ ግማሹን። ልጃቸው ሶልቬይ ደግሞ የዚያን ግማሽ። የተረፈችው ጥፍር የምታህል ነገር በክብር ተሸፍና ፍሪጅ ገባች።

"ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው አይደል የምትደውለው?" አለ ዳረል፣ ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ ሰው።

"አዎ አባዬ።"

"እኔ ምንም አልልም። ውሳኔው ያንቺ ነው።"

"ያንቺው ነው" አለች ካሪን። "የትም ብትገቢ እኛ ደስ ይለናል።"

"ባትዋኚም" አለ ዳረል። ይህን ያለው ሳህኖቹን ሊያነሳ ፊቱን አዙሮ ነው።

የምትደውለው አዮዋ ያለ ኮሌጅ የዋና አሰልጣኝ ናት። ሶልቬይ ለቡድኑ እዋኛለሁ ካለች አሰልጣኟ ስሟን ለተማሪ ተቀባዮቹ ታቀብላለች፤ በሩም ከሞላ ጎደል ይከፈታል። አልዋኝም ካለች በክፍል ውጤቷ እንደማንኛውም አመልካች ትሰለፋለች፤ ውጤቷ ደግሞ "ደህና ነው" ከመባል አያልፍም።

ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዋኝታለች። ውሃ ውስጥ የሚያናግራት የለም፤ ከውሃ ስትወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያናግራት ስለ ውሃው ነው። ፖስታ አዳዩ ሳይቀር ከሰላምታ በፊት "በስንት ደቂቃ ገባሽ?" ይላታል። እሷም በስንት እንደገባች ትነግረዋለች። ጨዋታቸው እዚያ ላይ ያልቃል።

የትምህርት ቤቷ አሰልጣኝ ሚስተር ፔልቶ "ኮሌጅ የሚፈልገው ሰው ጠዋት ነው የሚዋኘው" ብሎ የገንዳውን ቁልፍ ሰጥቷታል፤ በሌሎቹ የከሰዓት ልምምድ ፋንታ፣ ጠዋት ብቻዋን እንድትለማመድ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሶልቬይ በሩን ከፍታ ትገባና አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ሰዓቷ ሲሞላ ፀጉሯን ቧንቧ ሥር ነክራ ትወጣለች። ቤት እስክትደርስ ፀጉሯ በረዶ ሠርቶ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ዳረል በሩ ላይ አይቷት "ጎበዝ" ይላል። ለምን እንደማትዋኝ ቢጠይቋት መልስ አልነበራትም። ደግነቱ የጠየቃት የለም።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ገንዳው ባዶ ነበር። የውሃ ማሞቂያው ተበላሽቶ ውሃውን አፍስሰውታል። ሶልቬይ ለጥቂት ጊዜ ዳሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ መሰላሉን ይዛ ወረደች። ወለሉ ላይ የተሠመረችውን ጥቁር መስመር አሥራ አንድ ዓመት ከላይ ስታያት ኖራለች፤ ረግጣት ግን አታውቅም። ከነጫማዋ ከዳር እስከ ዳር ሄደችባት። ሠላሳ ሁለት እርምጃ ሆነች።

"ይኸው ነው?" አለች። ግድግዳው ጥያቄዋን መለሰላት።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የስልኩን መልስ ድምፅ አውጥታ ተለማመደች። "አመሰግናለሁ፣ ግን አልዋኝም።" መጀመሪያ "አመሰግናለሁ" ላይ ቆመች። ሁለተኛው ላይ ይቅርታ ጠየቀች። ሦስተኛው ሳይሰበር ወጣ። በሕይወቷ ከተናገረቻቸው ሁሉ ጥሩው ንግግር ሳይሆን አይቀርም፤ የሰማው ግን አልነበረም።

ከዚያ እንደ ልማዷ ፀጉሯን ነክራ ወደ ቤት ነዳች።

በሩን ስትከፍት አባቷ ሳሎን መሃል ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ጭንቅላቱ አይታይም። የለበሰው ቀይ ሹራብ ሆዱ ላይ ጠቦት፣ ሊያወልቅ ሲል አንገቱ ላይ ተይዞበታል። ደረቱ ላይ "የዋናተኛ አባት" ይላል፤ ከሥሩ የኮሌጁ ስም አለ።

"ፍጠን፣ ልትመጣ ነው እኮ" ትላለች ካሪን ከኋላው እየጎተተች። "ከወር በፊት አትዘዝ አላልኩህም?"

"አንቺስ የራስሽን አውልቀሻል?" አለ ሹራቡ ውስጥ ያለው ድምፅ።

አላወለቀችም። የሷ "የዋናተኛ እናት" ይላል፤ ልክ ሆኗታል።

ሶልቬይ ቦርሳዋን አስቀምጣ አንደኛውን እጅጌ ያዘች። እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ጎተቱ። ዳረል ፊቱ ቀልቶ ወጣ።

"እንዲያው... ለብርድ ብለን ነው" አለ።

የካሪን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ሰጠ። የመጣላትን መልእክት ጮክ ብላ የማንበብ ልማድ ነበራት፤ አነበበችው።

"ፔልቶ ነው። 'ለወላጆች፣ ገንዳው ከትናንት ቀትር ጀምሮ ባዶ ስለሆነ እስከ ሐሙስ ልምምድ የለም' ይላል።"

ያነበበችውን የሰማችው አንብባ ከጨረሰች በኋላ ነው።

የሶልቬይ ፀጉር መቅለጥ ጀምሯል። ጠብታው ምንጣፉ ላይ ሲወርድ ሦስቱም አዩት። ካሪን ፎጣ አምጥታ የልጇን ራስ ጠቀለለችና ማድረቅ ጀመረች።

"ትራስሽ የገንዳ ክሎሪን መሽተት ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው" አለች፣ ለፎጣው የምትነግር ይመስል።

ዳረል ሹራቡን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። አዮዋ ነው። አሁን "ውሳኔው ያንቺ ነው" ያለ ሰው አልነበረም።

ሶልቬይ አነሳችው።