ለኖላዊት ከኦቾሎ የተሰበሰበው ናሙና

ልጄ ኖላዊት የታመመችው አራተኛ ክፍል ሳለች ነው። መጀመሪያ ድዷ ደማ። ቀጥሎ ምንም ሳይመታት እግሯ ላይ እየጠቆረ የሚወጣ ነገር አየን። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባለቤቴ ሻሺቱ ሙዝ ትሸጣለች። እዚያው ሆስፒታል ደሟን አይተው አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ የደም ካንሰር ነው አሉን።

መድኃኒቱ ለጊዜው አሻላትና በሽታው ተመለሰባት። ዶክተሩ ለብቻዬ ጠርቶ ከዚህ በኋላ የሚያድናት የሌላ ሰው መቅኔ እንደሆነ ነገረኝ። የወንድሟ ተመርምሮ አልገጠመም። የእኛም የወላጆቿ አልሆነም።

«ከቤተሰብ ካልተገኘ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ከአንድ አካባቢ፣ ከአንድ ዘር የሆነ ሰው ነው» አለኝ። «ውጭ አገር ትልቅ የለጋሾች መዝገብ አለ፤ ፈለግንላት። ከጋሞ የተመዘገበ ግን የለም ማለት ይቻላል።»

«እኛ እኮ ብዙ ነን» አልኩት።

«መዝገቡ ላይ የላችሁም።»

ሻሺቱን ከልጅቷ ጋር አዲስ አበባ ትቼ ኦቾሎ ወጣሁ፤ የአባቴ አገር ነው። ለመዝገቡ ናሙና የምትሰበስብ ሲስተር ፌቨን የምትባል ነርስ አብራኝ መጣች። የኦቾሎ ሰው ከባድ ነገር ሲገጥመው ዱቡሻ በሚባለው መሰብሰቢያው፣ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጦ ነው የሚመክረው። እኔም እዚያ ቆሜ ለመንኩ። የተነጋገርነው በጋሞኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ ጽፌዋለሁ።

«መቅኔ ከወጣ ወገብ ሽባ ይሆናል ወይ?» አለ ሸማኔው ኦይታ። «እኔ የምበላው በወገቤ ነው።»

«ብዙ ጊዜ ከክንድ፣ እንደ ደም ነው የሚወሰደው፤ ሰውነት መልሶ ይተካዋል» አለች ፌቨን። «ዛሬ ደግሞ ጉንጫችሁን ከውስጥ በጥጥ ማሸት ብቻ ነው።»

«የኦይታ ከሆነላትማ ልጅቷ ድና ወሬ አታቆምም» አለች እህቱ ልክነሽ።

«ያንቺ ከሆነ ደግሞ ስትሳደብ ትኖራለች።»

ሰው ሳቀ። ሳቃቸውን ይዘው ተሰለፉ።

ጥጦቹ ፖስታ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት መድረቅ ነበረባቸው። ፌቨን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸውና ከእርሻ የመጡትን ሴቶች ልትመዘግብ ወደ ዛፉ ሥር ሄደች። በዚህ መሃል የዱቡሻው ታላቅ፣ አባባ ኤርጫፎ፣ ብድግ አሉ። በእኛ ዘንድ ለክፉ ቀን የተሰበሰበ ነገር ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም። ከመደዳው በላይ ጎንበስ ብለው «ይህች ልጅ ትዳን፣ ትደግ፣ ትውለድ» እያሉ እያንዳንዱ ጥጥ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ፌቨን ስትመለስ ሰው ሁሉ በየቦታው ተቀምጧል፤ ጥጦቹን ለቅማ በየፖስታው ከተተች።

ማታ ኖላዊት ደወለች።

«አባ፣ ስንት ሰው መጣ?»

«አገሩ ሁሉ መጣ።»

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ አንዱ አይሆንም?»

«ይሆናል እንጂ።»

ብዙ ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ፌቨን ስፌት ቤቴ በር ላይ መጥታ ቆመች። ናሙናው አልሠራም አለችኝ።

«ሁሉም ላይ የሌላ ሰው ተቀላቅሎበታል። ደግሞ የአንድ ሰው ነው። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።»

እኔ ገባኝ፤ ነገርኳት። የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ከአጠገቡ መነሳት አልነበረብኝም» አለች።

እንደገና ኦቾሎ ወጣን። ለአባባ ኤርጫፎ ሳልነግራቸው መጀመር አልቻልኩም፤ ካልነገርኳቸው ደግመው ይመርቃሉ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ ዛሬ እንዳይመርቁ።»

«ለምን ልጄ?»

ነገርኳቸው። ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ አዩ።

«ምርቃቴ ነው ያበላሸው?»

«ምራቁ ነው እንጂ ምርቃቱ አይደለም፣ አባባ።»

«እኔ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም» አሉ።

ተነሥተው ዱቡሻው ጥግ ሄዱ። ሥራው እስኪያልቅ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተቀመጡ።

ኖላዊት ውጤቱን አልጠበቀችም። ትኩሳት ያዛት፣ ሳንባዋ ውስጥ ገባ፤ ሻሺቱ እጇን እንደያዘቻት አለፈች። አምጥተን አርባ ምንጭ ቀበርናት። የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ፌቨን ደወለች።

«ኦይታ ገጥሟል።»

«ከማን ጋር?» አልኳት።

ከኖላዊት ጋር መሆኑ የገባኝ ከጠየቅሁ በኋላ ነው።

ለሻሺቱ እንኳ አልነገርኳትም። ወሬው ኦቾሎ ከደረሰ አባባ ኤርጫፎ ቀኑን አስልተው የዘገየው በእሳቸው ምርቃት መሆኑን ይደርሱበታል። ለጠየቀኝ ሁሉ ከእኛ ውስጥ አልተገኘም እያልኩ ኖርኩ። የሽማግሌውን ልብ ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ፌቨን የኦቾሎ ወጣቶች ስማችን ከመዝገቡ ይውጣልን እያሉ መሆኑን ነገረችኝ። ንገራቸውም ተውም አላለችኝም። ዶክተሩ «መዝገቡ ላይ የላችሁም» ያለኝ ትዝ አለኝ። ነገ እንዲሁ የሚባል ሌላ አባት ታየኝና ኦቾሎ ወጣሁ።

ዱቡሻው ላይ ታዴዎስ የሚባል ልጅ «ጋሽ አሞጽ፣ ለኖላዊት ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አለኝ። አባባ ኤርጫፎ በቦታቸው ነበሩ። ወደ እሳቸው ላለማየት እየሞከርኩ ተናገርኩ።

«ተገኝቶ ነበር። ኦይታ ነው።»

«መቼ ሰማህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ከተቀበረች በኋላ ነው፣ አባባ።»

«የመጀመሪያው ባይበላሽስ?»

እግዚአብሔር ያውቃል ማለት እችል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። አንገታቸውን ደፉ። ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ «ልጆች፣ ስማችሁን አታስወጡ» አሉ። ታዴዎስም ተቀመጠ።

ሰው ሲበተን ኦይታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ልብሱ ላይ ክር ተጣብቋል።

«እኔ ጋ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ እዚሁ እየሸመንኩ ነበር እኮ» አለ። «የትም አልሄድኩም።»