የልብስ ሰፊዋ ጡጦ

ልብስ ሰፊዋ ከወለደች ሳምንት ሳይሞላት ቤቱ በነገር ታመሰ። ጡቷ ግጥም ብሎ ሞልቶ ቀሚሷን ያረጥባል፤ እሷ ግን ደረቷ ውስጥ ጨርቅ ወትፋ ለልጇ ጡጦ ታጠባለች!

"ቅርጼ እንዳይበላሽ ብላ ነዋ!" ትላለች አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ እህት። "የዘንድሮ እናት!"

ልብስ ሰፊዋ ምን ትበል? ታላቅ እህቷ በደም ካንሰር ስትሞት ሐኪሙ እሷንም መርምሮ ቁርጡን ነግሯታል። ካንሰሩን ያመጣው ቫይረስ እሷም ደም ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ተሸክሞት ሳይታመም ያረጃል፤ እህቷ ግን አልታደለችም። ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው ደግሞ በአብዛኛው በጡት ወተት ነው። ታዲያ ይህን ለእናቷ መንገር "ልጅሽን የገደላት ያጠባሻት ወተት ነው" ማለት አይደል? እንዴት አፏ ይታዘዛት!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስፌት መኪናው ላይ ደገፍ እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። የሆነ ነገር ቀዝቀዝ ሲላት ነቃች። እናቷ የቀሚሷን ቁልፍ ፈትተው ሕፃኑን ወደ ጡቷ እያስጠጉ ነው። ከንፈሩ ሊነካት ምንም አልቀረው።

"እንዳይነካው!" ብላ ልጇን መነጨቀች።

"ምን ነካሽ አንቺ? መርዝ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ እማ! ለእሱ መርዝ ነው!" አለችና አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው።

እናት የጨርቅ ክምሩ ላይ ዘጭ አሉ። "እኔ ነኝ በያ ልጄን የበላኋት?"

"አንቺ ምን አውቀሽ፣ እማዬ? ማን ነገረሽ? እኔ ግን አውቄያለሁ። አገር ምድሩ ይስደበኝ፣ አላጠባም! ይሄ ጉድ እኔ ጋ ይቆማል!"

እናት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ልብስ ሰፊዋም አብራ አለቀሰች፤ ልጁን ግን ከደረቷ አራቀችው።

ይሄኔ አክስት እየሳቀች ገባች። "እህሳ፣ ዛሬም ጡጦ ነው?"

እናት ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አድርገው ተነሱ። ሕፃኑን ተቀበሉ፤ ወተቱን እጃቸው ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን አዩና ጡጦውን አጎረሱት።

"አዎ፣ ጡጦ ነው። እንዳታጠቢ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ነገር ካለሽ ለእኔ ንገሪኝ! ነገ ጠዋት ደግሞ አብረን ሄደን ደማችንን እንመረመራለን።"

"እኔ ደግሞ ምን አገባኝ?"

"አንቺንም እኔንም ያጠባችን አንዲት እናት ናት።"

አክስት ሳቋን ዋጠች። ሕፃኑ ምን ገዶት! ጡጦው ላይ ሙጭጭ ብሎ ይምጋል።