ከአንድ እስከ ሰባት

ሚዛን የሚለው ስም የወጣላት ለአንድ ጥናት በተቀጠረችበት ቀን ነው። የጥናቱ መሪ ዶክተር፣ «አውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ የቅርብ ሰው አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እሷም እውነቱን አፍረጥርጣ ተናገረች፤ ባለቤቷ እዚያው ሾፌር ነው፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ መካኒክ። ዶክተሯ ሳቀችና፣ «አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ! እንግዲህ አንቺ ሚዛን ነሽ» አለቻት። ስሙ በዚያው ተለጠፈባት፤ እሷም አልጠላችውም።

ጥናቱን ለማስረዳት ብዙ ወሬ አያስፈልግም። የድርጅቱ ሾፌሮችና መካኒኮች አይጥና ድመት ናቸው። አንድ አውቶቡስ መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር እነዚህ «ጠግናችሁ ገደላችሁት» ሲሉ እነዚያ «ነድታችሁ ገደላችሁት» ይላሉ። ዶክተሯ ለሁለቱም ወገን አንድ አጭር ታሪክ በቅጽ አድርጋ ሰጠቻቸው። አንድ ሠራተኛ የአውቶቡሱ ፍሬን መላላቱን ያውቃል፤ ለማንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግስቱ አውቶቡሱ ይጋጫል። በግማሹ ቅጽ ላይ ሠራተኛው ሾፌር ነው፣ በግማሹ መካኒክ። ሰዎቹ አንብበው ሲጨርሱ «ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ በሁለት ሦስት መስመር መልስ ይጽፋሉ። የሚዛን ሥራ ያንን መልስ አንብባ ከአንድ እስከ ሰባት ነጥብ መስጠት ነበር። አንድ ማለት ይቅር ባይ፣ ሰባት ማለት ምሕረት የሚባል ነገር የማያውቅ።

መዛኙ የጸሐፊውን ወገን እንዳያውቅ ዶክተሯ ራሷ ቁጭ ብላ «ሾፌር» እና «መካኒክ» የሚሉትን ቃላት በጥቁር ማርከር አጠፋች። አራት መቶ ቅጽ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። የረሳችው ነገር ቢኖር መካኒኮቹ ቅጹን የሞሉት ጋራዥ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው መሆኑን ነው። የእነሱ ቅጽ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት አሻራ በግራሶ፣ በጥቁሩ የሞተር ቅባት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሚዛን ይህን ያየችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ለዶክተሯ ግን ትንፍሽ አላለችም። ልታታልል አስባ አይደለም፤ «እኔ እንደሆንኩ ለማንም አላደላ፤ ምን ያመጣል?» ብላ ናቀችው።

ያን ሰሞን ቤቷ ሰላም አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት ባለቤቷ የሚነዳው አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ የመንገደኞች መጠለያ ጥሶ ገብቷል። ሰው አልሞተም፤ የባለቤቷ ጉልበት ግን ደረጃ ሲወጣ ዛሬም ያመዋል። በዚያ ጠዋት የፍሬን ምርመራው ላይ የፈረመው ወንድሟ ነበር። ድርጅቱ ኮሚቴ አቋቋመ። ጥፋቱ የጋራዡ ነው ከተባለ ወንድሟ ይባረራል፤ የሾፌሩ ነው ከተባለ ባለቤቷ። ኮሚቴው የሚቀመጠው ሐሙስ ነው።

ባለቤቷ ሲወተውታት ከርሞ በመጨረሻ አንድ የምስክርነት ደብዳቤ አጻፋት። ደብዳቤው ወንድሟ ከአደጋው በኋላ እነሱ ቤት ምሳ ላይ ተቀምጦ «ምርመራውን በጥድፊያ ነው የፈረምኩት» ማለቱን ይመሰክራል። ከጻፈችው አሥር ቀን ሆኖታል፤ ከቦርሳዋ ግን አልወጣም። ከዚያ ምሳ ወዲህ ለወንድሟ ደውላለት አታውቅም። አኩርፋዋለች፤ ደግሞም ይናፍቃታል።

ማክሰኞ ጠዋት ዶክተሯ ሁለቱን መዛኞች ቢሮዋ ጠራቻቸው። ሁለተኛው መዛኝ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ይላቸዋል።

«አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበር» አለች ዶክተሯ። «ከመልሶቹ አርባውን በኮምፒውተር አስተይቤ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅያቸዋለሁ። እነዚያን ሁለት ሁለት ጊዜ መዝናችኋል ማለት ነው። ነጥባችሁ ይገጥም እንደሆነ ለማየት ነው።»

«እኔም ተማሪዎቼን የማጠምዳቸው እንደዚሁ ነበር!» አሉ ጋሼ ደስ ብሏቸው።

የጋሼ ነጥብ ገጥሟል። የሚዛንም የሾፌሮቹ ቅጽ ላይ ገጥሟል። ግራሶ ያለባቸው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያንኑ መልስ፣ ያንኑ ቃል፣ አሻራው ያለበት ወረቀት ላይ ስታነበው በሁለት፣ በሦስት፣ እስከ አራትም ነጥብ አክብዳዋለች። ዶክተሯ የግራሶ አሻራውን በጣቷ አሳየቻቸው።

«ግራሶ?» አሉ ጋሼ አንዱን ቅጽ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው። «የቱ ግራሶ? እኔ የመነጽሬ እድፍ መስሎኝ!»

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት። ሚዛን ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ያንቺ ብቻ ጥፋት አይደለም» አለቻት ዶክተሯ። «ቃሉን ስደብቅ ጣቱን የረሳሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ይተየብና ሌላ ሰው እንደገና ይመዝነዋል። አንቺ ግን እስቲ ይቺን ተመልከቻት። ከሁሉም የተራራቀችው ይቺ ናት።»

ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችላት። በሁለቱም ላይ የሰፈረው ቃል አንድ ነው፤ «አይባረር። ፍሬን ሲፈታ አንድ ሳምንት አጠገብ ቆሞ ይመልከት። ከዚያ ወደ ሥራው ይመለስ። ደክሞት ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ያልሄደ ማን አለ?»

ለተተየበው ሁለት ሰጥታ፣ ከሥሩ «ሊያስተምረው ይፈልጋል» ብላለች። በእጅ ለተጻፈው ስድስት ሰጥታ፣ «ሊያዋርደው ይፈልጋል» ብላለች። ሁለቱም ማስታወሻዎች የእሷው ጽሑፍ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አራት ቀን ብቻ ነው።

«ታሪኩ ላይ ያጠፋው ሠራተኛ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ዶክተሯ መዝገቧን አየችና፣ «ሾፌር» አለች።

ሚዛን ወረቀቱን ስታነሳው ጣቶቿ ጀርባውን ነኩት። ፊደሉ ሁሉ በጀርባ በኩል ጎብጦ ወጥቷል። እስክሪብቶ እንዲህ አድርጎ የሚጫን አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። ታናሽ ወንድሟን ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ «ኧረ ወረቀቱን አትውጋው!» እያለች ስንት ጊዜ እጁን መትታዋለች። ያን ቀን ያየችው ግን ግራሶውን ብቻ ነበር። የማንንም ማንነት ላታወጣ ፈርማለችና ምንም አላለችም። ወረቀቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችውና ማርከሩን ለአንድ አፍታ እንዲያውሷት ለመነች።

ኮሪደሩ ጫፍ ባለው መስኮት ቆማ ደብዳቤዋን ከቦርሳዋ አወጣች። «ወንድሜ» የሚለውን በጥቁር ሰረዘችው። «ባለቤቴ» የሚለውንም ሰረዘችው። ከዚያ እንደ ማንም ሰው ቅጽ አነበበችው። ሰባት ነበር፤ ስድስት እንኳ አይባልም።

ቀጥላ ያን ምሳ ለማስታወስ ሞከረች። ወንድሟ «ያን ቀን ስድስት አውቶቡስ ነበር የደረሰን» ሲል ይሰማታል። «በጥድፊያ» ሲል ግን አይሰማትም። ቃሉን ብትፈልግ ብትፈልግ ያገኘችው ቤታቸው ደረጃ ላይ፣ ወንድሟ ከሄደ በኋላ፣ በባለቤቷ ድምፅ ነው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጋራዥ ሄደች። ወንድሟ ከአውቶቡስ ሥር ተንፏቅቆ ወጣና ሲያያት ደነገጠ።

«እትዬ! ምን ሆናችሁ?» አላትና እጁ ቆሻሻ ስለሆነ አንጓውን ዘረጋላት። እሷ ግን መዳፉን ጨበጠችው።

«ያን ቀን ምሳ ላይ ምን ነበር ያልከው? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«ስድስት አውቶቡስ ደረሰን አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባልሽ ብድግ ብሎ ወጣ። ስድስቱንም ፈትቼ አይቻቸዋለሁ ልል ነበር፤ አንቺም አልጠየቅሽኝ።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ጉልበቱስ? ተሻለው?»

እንባዋ መጣ። ወረቀት ጠየቀችውና እዚያው የመፍቻ ማስቀመጫው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ደብዳቤ ጻፈች። አራት መስመር ብቻ ነው። ወንድሟ ስድስት አውቶቡስ ደረሰን ማለቱን፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ምሳው መበተኑን፣ «በጥድፊያ» የሚለውን ከእሱ አፍ አለመስማቷን፣ ፍሬኑ በምን ምክንያት እንዳልያዘ እንደማታውቅ።

ማታ ራት ሳይቀርብ ለባለቤቷ አነበበችለት። ጉልበቱን እያሸ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ታዲያ ይኼ ለማን ይጠቅማል?» አላት።

«እንጃ። የሰማሁት ግን ይሄን ነው።»

«እኔ ብባረርስ?»

«መባረርህን ፈርቼ ነው ያኛውን የጻፍኩልህ» አለችው። ፊቱን አዞረባት፤ ራቱንም አልበላም። እሷም ፈርታለች፤ ግን ደብዳቤውን አልቀየረችውም።

ሐሙስ ጠዋት የኮሚቴው ጸሐፊ ከአዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ደብዳቤ ይቀበላል። በግራው የሾፌሮቹ ክምር፣ በቀኙ የጋራዡ። ሚዛን የእሷን ሰጠችው። ጸሐፊው ማንበብ ሳይጀምር ዓይኑ የወረቀቱ ጥግ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ገና እሷም አየችው፤ ወንድሟን የጨበጠችበት የገዛ አውራ ጣቷ አሻራ፣ ጥቁር ግራሶ። ጸሐፊው ወረቀቱን እንደታጠፈ በቀኙ ክምር ላይ አኖረው።

«የሾፌር ሚስት እኮ ነኝ» ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ዋጠችው።

«መጀመሪያ ያንብቡት» አለችው።

«ይነበባል፣ ይነበባል። ተራውን ይጠብቅ።»

«አሁን ያንብቡት፣ እባክዎ። አራት መስመር ናት።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ ከኋላዋ የተሰለፉትንም አየ። ተንፍሶ ደብዳቤውን መልሶ አነሳና ማንበብ ጀመረ። እስኪጨርስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ የግራውን ክምር አየ፣ የቀኙን አየ፣ የት እንደሚያኖረውም ግራ ገባው።