በወረቀት የተሸፈነው ገብስ

ይርጋነሽ ክፉ ነገርን ገና ከሩቅ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ሰማዩ ጠቆር ካለ በረዶ ሊጥል ነው፤ ልጇ ከዘገየች መኪናው ገደል ገብቷል። የቢቸና ሰው፣ "ይርጋነሽኮ ለቅሶ የምትደርሰው ሰውየው ሳይሞት ነው" እያለ ይቀልድባታል። ደብረ ማርቆስ ሄዳ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ በመማሯ፣ የምትፈራውን ሁሉ በስሙ መጥራት ትችላለች። ከሌላው ፈሪ የምትለየው በዚህ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ፍርሃቷ ሁሉ አንድ ማሳ ላይ አረፈ። አንድያ ልጇ ሙሉአለም ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቃ ወደ አገሯ ተመድባ ነበር፤ የያዘችውም ሥራ የገብስ ነገር ነው። ሞጣ ዙሪያ፣ ከፍታው ላይ፣ ቀይ አፈር አለ። ገብስ ሲዘሩበት ይበቅላል፤ ክረምቱ ሲገፋ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው "መሬቱ አርጅቷል" ብሎ ትቶታል። ሙሉአለም ግን እየነቀለች ሥሩን አየች። ጫፉ በእሳት የተለበለበ ይመስል አጥሮና ደንዝዞ አገኘችው። አፈሩ ኮምጣጣ ነው፣ አፈር ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳዋል ብላ ለእናቷ አስረዳቻት።

"ድስት የሚሠራበት አሉሚኒየም?" አለች ይርጋነሽ።

"እሱው ነው፣ እማዬ።"

ይርጋነሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ የአሉሚኒየም ድስቷን ሰቅላ ወጧን በሸክላ ብቻ መሥራት ጀመረች።

በዚያ ቀይ አፈር ላይ ግን ምንም ሳይሆን የሚበቅል አንድ ጥቁር ገብስ ነበር። ፍሬው ደቃቃ ነው፤ ምርቱም ከጎተራ ጥግ አያልፍም። የቢቸናው ነጭ ገብስ ደግሞ ፍሬው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞጣ ሲወስዱት ይሞታል። ሙሉአለም ሁለቱን ልትድራቸው ፈለገች። ገብስ ወንዱም ሴቱም በአንድ አበባ ውስጥ ስላለ ከራሱ ጋር ነው የሚጋባው፤ ስለዚህ መዳሩ ቀላል አልነበረም። የአገሩ ባላባት ግራዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ቢቸና ላይ ከእርሻቸው ጥግ ቆርሰው በሰጧት ቦታ ተንበርክካ የነጩን ገብስ አበባ ሳይበስል አንድ በአንድ እየከፈተች ወንዴውን በወረንጦ ታወጣለች። ነፋስ ሌላ ዘር እንዳያመጣበት ዛላውን በወረቀት ትሸፍናለች። ቀናት ቆይታ የሞጣውን ጥቁር ገብስ ብናኝ ታርከፈክፍበታለች። መሸፈኛውን ከደብተር ወረቀት እየቆረጠች በዱቄት ሙጫ የምትለጥፈው ይርጋነሽ ነበረች። ስትለጥፍም ወፍ ይበላዋል፣ ሌባ ይቆርጠዋል፣ ሰው መተት ነው ብሎ ያቃጥለዋል ትላለች።

የመጀመሪያውን ዓመት በረዶ መታው። በሁለተኛው ዓመት ዛላዎቹ ያዙ። ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ሹም ሊመለከቱት እንደሚመጡ ተነገረ፤ የተዳቀለ ዘር ካላዩ ሥራው ይዘጋል፣ ሙሉአለምም ወደ ሌላ አገር ትዛወራለች። ሙሉአለም ለማሳው ጠባቂ ለጓዴ ደጋግማ ነገረችው፤ "ከዚህ ሁሉ የከበረው በወረቀት የተሸፈነው ነው። ዓይንህ ከእሱ አይነሣ።" ከዚያ ነጩ ገብስ ቢጫ የሆነበትን የቀዩን አፈር ማሳ ለሹሙ ልታዘጋጅ ሞጣ ሄደች።

ሹሙ ቢቸና የገቡት ቀትር ላይ ነው። ግራዝማች ደግሰው ጠበቋቸው። ማሳው ከቤቱ ደጃፍ ብዙም አይርቅም፤ ሆኖም ሹሙ ፀሐዩ በርትቷል፣ ነገር ሁሉ ነገ ሞጣ ላይ ይታየናል ብለው ተቀመጡ። ለከበረ እንግዳ ከማሳው ምርጡን እሸት ቆርጦ፣ በእሳት ለብልቦ እንኩቶ ማቅረብ የአገሩ ወግ ነው። ግራዝማችም ጓዴን ጠርተው የከበረውን እንዲያመጣ አዘዙት።

ይርጋነሽ በሴቶች መካከል ስታስተናግድ ቆይታ ወደ ማድ ቤት ገባች። የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ እሸቱን እየለበለቡ እሳቱን በወረቀት ያቀጣጥሉ ነበር። ወረቀቱ የደብተር ወረቀት ነው። ጠርዙ ላይ የዱቄት ሙጫ አለበት።

የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት ዕድሜዋን ሙሉ ስትተርተው ኖራለች። ሲደርስ ግን በበረዶና በሌባ እንጂ በእንግዳ አክባሪነት ይደርሳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ጓዴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ምን እንዳደረገ ስትጠይቀው ግራ ተጋብቶ አያት።

"እመቤቴ፣ ልጅዎ የከበረው የተሸፈነው ነው አሉኝ። ግራዝማች የከበረውን አምጣ አሉኝ። ታቦትስ የሚሸፈነው ስለ ክብሩ አይደል?"

እሱን መቆጣት ደመናን መቆጣት ነው። ገና እሳት ያላየ ጥቂት ዛላ ከጉልቻው አጠገብ ተጥሎ ስታይ ዘላ አነሣችውና በነጠላዋ ጠቀለለችው። ግራዝማች ጫጫታ ሰምተው መጡ።

"ተይ ይርጋነሽ፣ እንግዳ ፊት አታሳጪኝ። ገብስ ነው፤ ቁና ሙሉ እሰፍርልሻለሁ።"

"ግራዝማች፣ ጎተራዎ ቢገለበጥ ይህን አይተካም" አለችና ወጣች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በጭነት መኪና ሞጣ ገባች፤ መንገዱን ሁሉ መኪናው ይገለበጣል እያለች ነጠላዋን ታቅፋ። ሙሉአለም ሰምታ አላለቀሰችም። አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ሰነጠቀች፤ ወተት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሊጥ ጠንከር ብሏል። ከዛላው ሳይለይ ጥላ ላይ ቢደርቅ ሊበቅል ይችላል አለች።

"አይበቅልም" አለች ይርጋነሽ።

ሹሙ ረፋዱ ላይ በላንድሮቨር ደረሱ። ጫማቸው ቀይ ጭቃ እንዳይነካው ማሳው ዳር ቆመው፣ የተዳቀለው ገብስ የት እንዳለ ጠየቁ። ሙሉአለም ጉዳት ደርሶበታል ብቻ አለች። ትልቅን ሰው በልተውታል ማለት ነውር ሆኖባት አቀረቀረች።

"ሁለት ክረምት ቆይተሽ የምታሳዪኝ ይህን ቢጫ ሣር ነው?" አሉ ሹሙ። "ይኼኔ ቤት ይዘሽ ቢሆን ልጅ አድርሰሽ ነበር።"

ሹፌሩ ሳቀ። ይርጋነሽ ሹም ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። አሁን ግን የልጇን ጉልበት አየች፤ በመንበርከክ ብዛት ሻክሯል።

"ጌታዬ፣ ትናንት በልተውታል" አለች።

"ምን?"

"ግራዝማች ቤት የቀረበልዎት እንኩቶ እሱ ነበር። ለማየት የመጡት እሱን ነበር። ፀሐይ በረታ ብለው ሳያዩት ቀሩ፤ ሳያዩት ግን በሉት። አሁን ደግሞ የት አለ ብለው ልጄን ይሰድቡብኛል።"

የሹፌሩ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሹሙ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ተራራው ተመለከቱ።

"ማን ነገረኝ?" አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ "ለነገሩ ጥሩ እንኩቶ ነበር። በይ፣ አንድ ክረምት ጨምሬልሻለሁ።"

ይቅርታ ሳይሉ፣ የበሉትን መልሰው የሰጡ ያህል እጃቸውን አንሥተው ሄዱ። ይርጋነሽን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት መበላቱ አይደለም፤ ያ እጅ ነው።

ዘሩ በቀለ። ሁሉም አይደለም፤ ግን በቀለ። በመጪው ክረምት ከፊሉን ሞጣ ዘሩት፤ ቢጫው ገብስ መካከል አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ሙሉአለም አንዷን ነቅላ ሥሯን በውኃ አጠበችው። ነጭና ረጅም ነበር። የቀረውን ለማራባት እዚያው ቢቸና፣ የግራዝማች እርሻ ጥግ ላይ ዘሩት።

መስከረም ሲጠባ ሹሙ ዳግመኛ ይመጣሉ ተባለ። ሙሉአለም ዘንድሮ መሸፈን አያስፈልግም፣ ገብሱ ከራሱ ጋር ይጋባል ብላ ለእናቷ ነገረቻት። ይርጋነሽ ግን ደብተር ቀድዳ፣ ዱቄት በጥብጣ፣ ወረቀት ስትለጥፍ ሰነበተች። ከዚያ ሄዳ በእርሻው ዳር ያለውን የግራዝማችን ተራ ገብስ አንድ በአንድ ሸፈነችው። የልጇን ገብስ ራቁቱን ተወችው።

ሹሙ በገቡ ዕለት ጓዴ እንደ አምናው የከበረውን አምጣ ተብሎ ማጭዱን ይዞ መጣ፤ የተሸፈነውን ቆርጦ ሄደ። እንኩቶውን ለሹሙ ያቀረበችው ይርጋነሽ ራሷ ነበረች። ሹሙ ዘግነው ቃሙና እንዲህ ያለ ገብስ ከዚህ ሌላ እንደሌለ፣ ምርምር ማለት ይህ እንደሆነ ለግራዝማች አስረዱ።

"ይብሉ ጌታዬ" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። "የእርስዎ ድርሻ ነው።"

ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማሳው ወጣች። ገብሱ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ጓዴን ጠርታ ደመናውን አሳየችው፤ በረዶ ሳይጥል አይቀርም።