የጸሐፊው ድምፅ

ድሬ ዳዋ ውስጥ መብራት እንዲጠፋ የሚለምን ሰው አይገኝም። በዚያ ሙቀት ቬንትሌተር ሲቆም ምን እንደሚከተል የማያውቅ ስለሌለ ሰው ሁሉ የሚለምነው እንዳይጠፋ ነው። አያን ዳሂር ግን ያን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምራ ስትለምን የዋለችው እንዲጠፋ ነበር። ቢቻል ሰፈሩ በሙሉ፣ ካልተቻለም የእነሱ ግቢ ብቻ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አስር። ከዚያ በኋላ እንደ ፈለገ ይብራ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጀምረው የኮሪያው ድራማ ነው። ከተማውን አሳብዶታል። መጋላ ገበያ ውስጥ በዚያ ሰዓት ባጃጅ እፈልጋለሁ ማለት በከንቱ መድከም ነው፤ ሾፌሮቹ ቴሌቪዥን ያለው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደርድረው አንገታቸውን አስግገዋል። ታሪኩ እንዲህ ነው። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የነበረ ወንድሟ በመርዝ የሞተባት ልጅ የእሱን ልብስ ለብሳ፣ በስሙ ተጠርታ፣ ፀጉሯን በጥቁር ቆብ ሸፍና ገዳዩን ፍለጋ ቤተ መንግሥት ትገባለች። ወጣቱ ንጉሥ መጀመሪያ እንደ ወንድም ይወዳታል፣ ቆይቶ ደግሞ ለራሱም ግራ በሚገባው መንገድ። ዙፋኑን የተመኘው ሽማግሌ ሚኒስትር ነገሩ ሸቶት እግር በእግር ይከታተላታል። የኮሪያ ስሟ ለአፍ አልመች ስላለ ሕዝቡ «ጸሐፊው» ይላታል። ሴት መሆኗን እያወቀ፣ «ዛሬ ጸሐፊው መያዙ ነው» እያለ ይጨነቃል።

ለጸሐፊው የአማርኛ ድምፅ የምታለብሰው አያን ናት። ይህን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ አባቷ ግን አያውቅም።

አባቷ ዳሂር ዕድሜውን የጨረሰው በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ስኳር በሽታ ዓይኑን ከወሰደው ወዲህ የሚኖረው በጆሮው ነው። የጎረቤታቸውን የሙመድን ባጃጅ ከሌላው ባጃጅ በሞተሩ ይለያል። ግድግዳ የምትጋራቸው ዝናሽ ተቆጥታ እንደሆነ ከእግሯ ኮቴ ያውቃል። ደግ ሰው ነው፤ ልጆቹን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሲቆርጥ ግን ይቆርጣል። ትልቋ ልጁ ሰገል ከሠርግ ባንድ ጋር መዝፈን የጀመረች ጊዜ፣ «ድምፁን ለባዳ የሚሸጥ ልጅ የለኝም» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም። እናታቸው ስትሞት እንኳ ሰገል ለቅሶ የተቀመጠችው ዝናሽ ቤት ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ለቅሶዋ ይሰማ ነበር፤ ዳሂር ግን እንዳልሰማ ሆነ።

አያንን የሚያስፈራት ቁጣ ሳይሆን ያ ዝምታ ነው። አንድ ቀን እሷንም እንዳልሰማት ይሆናል። ያን ጊዜ መርፌውን ማን ይወጋዋል? መንገድ ማን ያሻግረዋል? እሷስ ማንን «አባ» ትላለች?

ዳሂር የሚያውቀው፣ ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ሸሚዝ እንደምትሰፋ ነው። ድሮ እውነት ነበር። የምትሠራበት ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች፤ ሌላ ሥራ እስካገኝ ብላ ሳትነግረው ቆየች። በዚያ ሰሞን ነው ከአዲስ አበባ መጥታ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ድምፅ መቅረጫ የከፈተችው ዲና ያገኘቻት። አያን መንገድ ላይ ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ጋር ስትጨቃጨቅ ዲና በመስኮት ሰማቻትና፣ ጭቅጭቁ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «ይህን ጉሮሮ እፈልገዋለሁ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አያን በየጠዋቱ የፋብሪካውን ሸሚዝ ለብሳ ትወጣለች። አባቷ በር ላይ ኮሌታዋን በጣቱ ዳብሶ፣ መርቆ ይሸኛታል። እሷም ድምፅ እንዳያስተጋባ ፍራሽ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ወንድ የመሰለችውን ሴት ስትሆን ትውላለች።

የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው። ተዋንያኑ አንድ ላይ አይቀረጹም፤ እያንዳንዱ በተራው ይገባል፣ ኮሪያኛውን በጆሮው እየሰማ የራሱን ቃል ብቻ ይናገራል። አያን ደግሞ ኮሪያኛ የሚባል አይገባትም። «ይማሩኝ» ትላለች፤ ይቅር መባል አለመባሏን የምታውቀው እንደ ማንኛውም ሰው ቅዳሜ ነው። ዲና ሌላም ነገር አዝዛታለች፦ ቆቧን እስክታወልቅ ድረስ ጸሐፊው በወፍራም ድምፅ ብቻ ይናገር፣ ተመልካቹ የልጅቷን ድምፅ ይናፍቅ። አያን አገጯን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ከሆዷ እያወጣች ስትናገር ራሷም አታውቀውም።

በዚያ ወፍራም ድምፅ ተከልላ ነው በየቅዳሜው ከአባቷ አጠገብ የምትቀመጠው። ሥዕሉን የምትነግረው እሷ ናት። «አሁን ሚኒስትሩ ከበሩ ኋላ ቆሟል፣ አባ» ትለዋለች። ዳሂርም ጫቱን ጉንጩ ላይ ይዞ፣ «አላህ ይሰውርህ፣ ልጄ» ይላል ለጸሐፊው። አንድ ጊዜ ግን የጫቱን እንጨት አስቀምጦ፣ «ይህን ልጅ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» አለ። አያን ሬዲዮ ላይ ሰምተኸው ይሆናል አለችው።

ቆቡ የሚወልቅበት ክፍል ሲቀረጽ መጀመሪያ በቀጭን የውሸት ድምፅ ልታመልጥ ሞክራ ነበር። ዲና ቀረጻውን አቁማ፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ አይደለም፣ ሕዝቡ ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀው ለዚህ ነው ወይ አለቻት። እንደገና፣ እንደገና አስደገመቻት። በመጨረሻ አያን ዓይኗን ጨፈነች፤ አባቷ ፊቷ ድቅን አለ። ቃሉ በራሷ ድምፅ፣ ከነእንባዋ ወጣ። ዲና አጨበጨበች። አያን ግን ምን አደረግሁ እያለች ወደ ቤቷ ሄደች።

ያ ክፍል ነው እንግዲህ ዛሬ የሚተላለፈው። ዲኮደሩ ተበላሸ ልትል አስባ ነበር፤ ግን ሙመድ አይቶ ያስተካክለዋል፣ ባይችል ዳሂር ምርኩዙን ይዞ ዝናሽ ቤት ይሄዳል። የቀራት መፍትሔ አጠገቡ ተቀምጣ በራሷ ድምፅ ላይ መለፍለፍ ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ መብራቱ አልጠፋም። ሙመድ ባጃጁን አቁሞ ገባ፣ ዝናሽም ተከተለች። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ንጉሡ ሲያውቅ ምን ያደርጋል የሚለው ክርክር ተነሳ። ሙመድ ያገባታል አለ፤ ዝናሽ ሳያገባት ቢቀር ዳግመኛ ቴሌቪዥን እንደማታይ ተናገረች።

«ነገሩ ሱሪ መልበሷ አይደለም» አለ ዳሂር። «በየቀኑ ፊቱ ተቀምጣ መዋሸቷ ነው። እኔ ብሆን ዳግመኛ አላናግራትም።»

ዝናሽ፣ ታዲያ በየቅዳሜው አላህ ይሰውርህ የምትለው ለምንድን ነው ብላ ያዘችው።

«ከሚኒስትሩ እንዲሰውረው ነዋ» አለ።

አያን የምትቀመጥበት ጠፋት። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ጸሐፊው በወታደሮች ተከቦ ከዙፋኑ ፊት ቀረበ። ሚኒስትሩ ክሱን ደረደረ። ንጉሡ ዝም ብሎ ያያል። አያን እየጮኸች ትተርክ ጀመር፦ አዳራሹ ትልቅ ነው አባ፣ ምሰሶው ቀይ ነው፣ ወታደሮቹ ብዙ ናቸው። ዝናሽ፣ አንቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካሽ፣ አሰሚን እንጂ ብላ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«ቆቧን አወለቀች» አለች አያን፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ልጅቷ ቀና አለች።

«ጌታዬ» አለች፣ በአያን ድምፅ።

መብራቱ ጠፋ።

ቬንትሌተሩ እየተንቀራፈፈ ቆመ። ስትለምን የዋለችው ነገር መጣላት፤ ግን አንድ ቃል ዘግይቶ። ሙመድ፣ «ኧረ አቦ» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። በስልኩ ሊከፍተው ሞከረ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል። መስመሩ ከየት እንደተቋረጠ ሊያይ ወጣ። ዝናሽም እየተራገመች፣ ዋናው ላይ ሲደርስ እያለች፣ ንፋስ ፍለጋ ወደ በረንዳዋ ሄደች። ክፍሉ ወዲያው ይግል ጀመር።

ዳሂር አልተንቀሳቀሰም። የጫት ቅጠል ሊቀጥፍ የነበረው እጁ እንጨቱ ላይ ቀርቷል።

«አያን።»

«አቤት፣ አባ።»

«ጌታዬ ካለች በኋላ ምን አለች?»

እኔ በምን አውቃለሁ ማለት ትችላለች። ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ ከዚያ የከበደ ውሸት በየጠዋቱ በር ላይ ኮሌታዋን እያስዳበሰች ዋሽታዋለች። ቀና ብላ አየችው። ፊቱን ያዞረው ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እሷ ነው፤ የጫቱንም እንጨት አጥብቆ ይዞታል። አባቷ ፈርቷል። የምትለውን እንዳትለው እየፈራ ነው የጠየቃት። አንዷን ልጁን በገዛ አፉ አጥቷል፤ አሁን ደግሞ ያን አፉን እንደገና እንዳይከፍተው የፈራ ይመስል ነበር። አያንን አሳዘናት፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ሐዘኗ በለጠባት።

«ጌታዬ» ብላ ጀመረች። «ይህ ልብስ የእኔ አይደለም። ድምፄም እስከ ዛሬ የእኔ አልነበረም። በየቀኑ ፊትዎ ተቀምጬ ዋሽቻለሁ።» እዚህ ላይ ዲና ያስጠናቻት አክብሮት ጠፋባትና እንደ ቤቷ ልማድ ቀጠለች። «ንቄህ ግን አይደለም። እንዳላጣህ ፈርቼ ነው። አሁን የፈቀድከውን አድርገኝ።»

ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ዳሂር እስኪርቅ ጠበቀ።

«ንጉሡስ ምን አላት?»

«አላውቅም፣ አባ። የራሴን ብቻ ነው የሚሰጡኝ።»

አለቀ። ተናገረችው። እጇን ጭኗ ላይ ጨብጣ ያ ዝምታ እስኪመጣባት ተቀመጠች።

ዝምታው መጣ፤ ረዘመም። ከዚያ ዳሂር የፋብሪካው ሸሚዝስ ብሎ ጠየቀ። ከሥራ ከተቀነሰች መቆየቷን፣ ሸሚዙ ለእሱ ጣት ብቻ ሲባል እንደሚለበስ ነገረችው። አልደበቀችም።

«እኔ በጆሮዬ ነው የምኖረው» አለ። «ሌላ ምን አለኝ? አንቺ ደግሞ በእሱ በኩል ገብተሽ አታለልሽኝ።»

አያን አለቀሰች።

«አላህ ይሰውርህ ስለው የነበረው፣ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ከእኔ እንዲሰውርሽ ነው እንግዲህ ስጸልይ የከረምኩት» አለ ዳሂር፤ ድምፁም በመሐል ተሰበረ።

ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ እየጮኸ ተነሳ። ግቢው ውስጥ መብራት መጣ የሚል ጩኸት ተሰማ። ዲኮደሩ እስኪከፈት ጥቂት ቆየ፤ ሲከፈት የምግብ ዘይት ማስታወቂያ ላይ ነበር። የድራማው ሰዎች በዚያ ቦታ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ያውቁበታል። ከዚያ ቀዩ አዳራሽ ተመለሰ። ልጅቷ ተንበርክካለች። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነስቶ፣ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ዝጊው» አለ ዳሂር።

ዘጋችው።

በረንዳው ላይ የሙመድ እርምጃ ይሰማል፤ ዳሂርም ሰምቶታል። ቶሎ ብሎ፣ ሰው ሳይገባ፣ በዚያ ቤት ስንት ዘመን ያልተጠራውን ስም ጠራ።

«ሰገል አሁንም ትዘፍናለች?»

«ትዘፍናለች፣ አባ።»

«ድምፅዋ እንደ ድሮው ነው?»

«እንደ ድሮው ነው። በስልክ እሰማታለሁ።» ይኼኛውም የተደበቀ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መናገር አልሆነላትም።

ዳሂር እጁን ዘረጋ። አያን መጀመሪያ እንድታነሳው የፈለገ መስሏት ክንዷን ሰጠችው፤ ገፋ አደረገውና መዳፉን ከፍቶ ጠበቀ። ያን ጊዜ ገባት። የሰገልን ቁጥር ደውላ ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ ወደ ጆሮው ወሰደው።

ሙመድ በላብ ተጠምቆ ገባ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር መሆኑን አይቶ፣ «ምነው አቦ፣ መብራት መጥቷል እኮ። ንጉሡ ምን አላት?» አለ።

ዳሂር እጁን አንስቶ ዝም አሰኘው። ስልኩ እየጠራ ነበር።