ኤምሪስ የተባሉት ልጆች

ሄለድ ሆዷ ገፍቷል። ለሚወለደው ወንድ ልጅ የአያት ቅድመ አያት ስም ፍለጋ የቆዩ የዌልስ ጋዜጦችንና የቤተሰቡን ደብዳቤዎች ስታገላብጥ፣ አያቷ እማማ ቴግዌን ከጎኗ ሹራብ ይሠሩ ነበር።

«አገኘሁ! ኤምሪስ። የቅድመ አያታችን የድንጋይ ካባ ሠራተኛው የኦወን ልጅ።»

«ምን ሆነ ይላል?»

«በአራት ዓመቱ ኩሬያችን ውስጥ ሰጠመ። ቀጥሎ የተወለደውንም በዘመኑ ልማድ በሟቹ ስም ኤምሪስ አሉት። እሱም... በአራት ዓመቱ፣ እዚያው ኩሬ።»

የእማማ እጅ ቆመ። ሄለድ የልጆቹን እናት ደብዳቤ አንሥታ አነበበች፦ «እህቴ ሆይ፣ የሞተው ትልቁ ልጄ ስሙን ለማስመለስ እየመጣ በር ላይ ይቆማል።»

«ኧረ አያቴ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ! የሐዘን ቅዠት እኮ ነው። ስሙ ደግሞ ያምራል።»

«ይመር! ለልጅሽ ግን አይሆንም።»

ሄለድ ልትስቅ ብላ በመስኮቱ ኩሬውን አየችና ሆዷን በእጇ ሸፈነች። «እሺ፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

እማማ ግን አላረፉም። ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉና ኩሬው ላይ ወዳረፈው ጭጋግ አንሾካሾኩ።

«ስምህ ያንተው ነው፣ የኔ ልጅ። ማንም አይወስድብህም። በል፣ ሂድና ተኛ።»